ከቄራ በመጣ የላም እንቁላል የሚዮሲስን መቆምና መቀጠል መከታተል፦ ለጎጃም ቤተ ሙከራዎች የተዘጋጀ መመሪያ

ይህ መመሪያ በባሕር ዳር፣ በደብረ ማርቆስና በእንጅባራ የባዮሎጂ፣ የእንስሳት ሳይንስና የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችን ለሚያስተምሩ መምህራንና ለቤተ ሙከራ ባለሙያዎች የተጻፈ ነው። የላም የእንቁላል ሕዋስ ሚዮሲስን (የክሮሞሶሞችን ቁጥር በግማሽ የሚቀንሰውን የዘር ሕዋስ ክፍፍል) ጀምሮ የት ላይ እንደሚቆም፣ ማን ይዞ እንደሚያቆየውና ምን ሲሆን እንደሚለቀቅ በማይክሮስኮፕ ለማየት የሚያስችለውን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያስረዳል። በክፍል ውስጥ ሚዮሲስ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው ከተጀመረ እስኪያልቅ እንደማይቋረጥ ሂደት ነው። ይህ ለወንዴው ዘር ቢሠራም ለእንቁላል ግን አይሠራም፤ በሴቷ ሂደቱ ሁለት ጊዜ ይቆማል፣ የመጀመሪያው መቆምም በላም ዓመታትን፣ በሰው ደግሞ ዐሥርት ዓመታትን ሊወስድ ይችላል። ተማሪው ይህን በሥዕል ብቻ ሳይሆን በገዛ ዓይኑ ሊያየው ይገባል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ የሚያስፈልገው ዋና ነገርም በየከተማችን ቄራ በየቀኑ የሚጣል ነው።

ሥራውን ከመጀመር በፊት መረዳት የሚገባ

ጥጃዋ ገና በእናቷ ማኅፀን ሳለች፣ በዘጠኝ ወሩ እርግዝና ሦስተኛው ወር ገደማ፣ በፅንሱ የእንቁላል ዕጢ ውስጥ ያሉ የዘር ሕዋሳት ሚዮሲስን ይጀምራሉ። ወደዚህ እንዲገቡ ከሚገፋፏቸው ምልክቶች አንዱ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራው ሬቲኖይክ አሲድ ነው። ጥንድ ክሮሞሶሞች ይገናኛሉ፣ ክፍሎቻቸውን ይለዋወጣሉ፣ ከዚያም ዲፕሎቲን በተባለው የመጀመሪያው ፕሮፌዝ (የክፍፍሉ መነሻ ምዕራፍ) ደረጃ ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። በዚህ ጊዜ የሕዋሱ ኒውክሊየስ ትልቅና ክብ ሆኖ ስለሚታይ ጀርሚናል ቬሲክል የሚል ልዩ ስም ተሰጥቶታል። ጥጃዋ ተወልዳ፣ አድጋ፣ ጊደር ሆና ኮርማ መፈለግ እስክትጀምርና ከዚያም በኋላ፣ እያንዳንዱ እንቁላል ተራው እስኪደርስ ድረስ በዚሁ ሁኔታ ይቆያል። አብዛኞቹ ግን ተራቸው ሳይደርስ ከፎሊክላቸው (እንቁላሉን ከቦ ከሚይዘው የሕዋሳት ከረጢት) ጋር ይሞታሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ነጥብ አለ። እንቁላሉ የሚቆመው የመቀጠል አቅም አጥቶ፣ ወይም የሚያነሣሣው ትእዛዝ ስላልደረሰው ብቻ አይደለም፤ ሙሉ አቅም ይዞ ሳለ በልጓም እንደተያዘ ፈረስ ተይዞ ነው። ይህን በግልጽ ያሳዩት ተመራማሪዎቹ ፒንከስና ኤንዝማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 የጥንቸል እንቁላል ከፎሊክሉ ወጥቶ በሳህን ላይ ሲቀመጥ፣ ምንም ሆርሞን ሳይጨመርበት፣ ያቋረጠውን ሚዮሲስ በራሱ እንደሚቀጥል አስረዱ። ስለዚህ የሚያቆመው ኃይል ያለው በፎሊክሉ ውስጥ ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚገኘው እያንዳንዱ የአሠራር ሕግ፣ የሙቀቱም፣ የሰዓቱም፣ የሕዋስ አመራረጡም፣ ከዚህ አንድ እውነት የሚመነጭ ነው።

የአያያዙ አሠራር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ሚዮሲስን ወደፊት የሚያንቀሳቅሰው ኤምፒኤፍ የተባለ ጥምረት ሲሆን፣ እርሱም ሲዲኬ1 የተባለ ኢንዛይምና ሳይክሊን ቢ የተባለ ፕሮቲን አንድ ላይ የሚሠሩት ነው። መኖሩን ተመራማሪዎቹ ማሱዪና ማርከርት እ.ኤ.አ. በ1971 የበሰለ (ሚዮሲስን ቀጥሎ ለመዳቀል የደረሰ) የእንቁራሪት እንቁላል ሳይቶፕላዝም ባልበሰለ እንቁላል ውስጥ በመርፌ በመጨመር አሳይተዋል፤ ሳይክሊንን ደግሞ ቲም ሀንት እ.ኤ.አ. በ1982 በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ አግኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሊላንድ ሃርትዌልና ከፖል ነርስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። በቆመው እንቁላል ውስጥ ሲዲኬ1 ፎስፌት ተለጥፎበት ስለሚታሰር ሥራ አይሠራም። እስራቱን የሚያጸናው ፒኬኤ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ፒኬኤ ደግሞ የሚሠራው በእንቁላሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክት አስተላላፊ ሞለኪውል መጠን ከፍተኛ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። እንቁላሉ ሳይክሊክ ኤኤምፒን ራሱ ያመርታል፤ የሚያፈርሰውን ፒዲኢ3ኤ የተባለ ኢንዛይምም ራሱ ይዟል። ታዲያ ኢንዛይሙ ለምን አያፈርሰውም ቢባል፣ መልሱ በዙሪያው ባሉት ኪውሙለስ በሚባሉት የፎሊክል ሕዋሳት ዘንድ ይገኛል። እነዚህ ሕዋሳት ሳይክሊክ ጂኤምፒ የተባለ ሌላ መልእክት አስተላላፊ ሞለኪውል እያመረቱ፣ የእንቁላሉን ግልጽ ሽፋን ሰንጥቀው በሚያልፉ ቀጫጭን ዘንጎች ጫፍ ላይ ባሉ ጥቃቅን መተላለፊያዎች አማካኝነት ወደ እንቁላሉ ያስገባሉ፤ ሳይክሊክ ጂኤምፒም ፒዲኢ3ኤን ያስራል። ኪውሙለሶቹን ይህን እንዲያመርቱ የሚያዛቸው የፎሊክሉን ግድግዳ ከሸፈኑት ግራኑሎሳ ሕዋሳት የሚመጣ ሲኤንፒ የተባለ ፔፕታይድ መሆኑ በቤተ ሙከራ አይጥ ላይ በተሠራ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ታውቋል።

ላሟ ኮርማ ስትፈልግ ከአንጎል ሥር ካለው የፒቱታሪ ዕጢ ኤልኤች የተባለው ሆርሞን በብዛት ይፈስሳል። የኤልኤች ተቀባዮች ያሉት በፎሊክሉ ግድግዳ ሕዋሳት ላይ እንጂ በእንቁላሉ ላይ አይደለም፤ መልእክቱ ወደ ውስጥ የሚደርሰው ኢጂኤፍ የተባለውን የዕድገት ፕሮቲን በሚመስሉ ፕሮቲኖች አማካኝነት ነው። በዚህ ጊዜ የሳይክሊክ ጂኤምፒ ምርት ይወድቃል፣ መተላለፊያዎቹም ይዘጋሉ፣ ፒዲኢ3ኤ ይፈታል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይፈርሳል፣ ፒኬኤ ይዳከማል፣ ሲዲኬ1ም ከእስራቱ ይለቀቃል። ከዚያ የጀርሚናል ቬሲክሉ ሽፋን ይፈርስና ሚዮሲስ ከቆመበት ይቀጥላል።

እኛ ፎሊክሉን በመርፌ ወግተን እንቁላሉን ስናወጣ የምናደርገው ኤልኤች የሚያደርገውን ያህል ነው፤ ልጓሙን እንፈታዋለን። ሰዓቱ የሚቆጠረውም ቤተ ሙከራ ከተደረሰበት ወይም ኢንኩቤተር ከተከፈተበት ሳይሆን መርፌው ከገባበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። ስለዚህ በመዝገቡ የመጀመሪያ መስመር ላይ የሚጻፈው ይህ ሰዓት ይሁን።

ከቄራ እስከ ቤተ ሙከራ

በአካባቢያችን ቄራዎች ብዙ ጊዜ የሚታረደው በሬ ነው፤ ላም ስትመጣ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀች ወይም መውለድ ያቆመች ናት። በዚህ ምክንያት የሚገኘው የእንቁላል ዕጢ ቁጥር አነስተኛ ሊሆን ስለሚችል፣ ከቄራው ኃላፊና ከሥጋ መርማሪው የእንስሳት ሐኪም ጋር አስቀድሞ በደብዳቤ መስማማትና ላሞች የሚታረዱባቸውን ቀናት መጠየቅ ያስፈልጋል። በዓብይ ጾምና በፍልሰታ ቄራው ስለሚቀዘቅዝ የልምምድ ጊዜውን ከጾም ውጭ ማድረግ ይገባል፤ በትንሣኤና በገና ዋዜማ ደግሞ የሚታረደው ከብት ቢበዛም ሠራተኛው ስለሚጣደፍ ለትምህርት አይመችም። ዕጢውን የሚቀበል ሰው ጓንት ሳያደርግ መንካት የለበትም፤ ብሩሴሎሲስን የመሰሉ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች በመራቢያ አካላት ውስጥ ይገኛሉና።

ዕጢዎቹ በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ 9 ግራም ጨው ተጨምሮበትና ተቀቅሎ በተዘጋጀ፣ ፔኒሲሊንና ስትሬፕቶማይሲን በታከለበት ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። የፈሳሹ ሙቀት ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ለዚህ ተራ የሻይ ፐርሙዝ በቂ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በሙቅ ውኃ መሞቅ ይኖርበታል። የደብረ ማርቆስ ንጋት ቀዝቃዛ ስለሆነ ያልሞቀ ፐርሙዝ በባጃጅ ተጭኖ ሲመጣ የፈሳሹ ሙቀት በመንገድ ላይ ይወርዳል፤ ሲደረስ ክዳኑ እንደተከፈተ ቴርሞሜትር አስገብቶ ንባቡን መመዝገብ ከኋላ የሚመጣን ብዙ ግራ መጋባት ያስቀራል። ከመታረድ እስከ ፎሊክል መውጋት ያለው ጊዜ ከአራት ሰዓት ባይበልጥ ይመረጣል።

እንቁላሉን ማውጣትና መምረጥ

ዕጢዎቹ በንጹሕ ሞቅ ባለ የጨው ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታጠባሉ። ከዚያ 18 ጌጅ መርፌ የተገጠመለት 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ይዞ፣ በዕጢው ገጽ ላይ ውኃ ቋጥረው የሚታዩትን ከ2 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን ፎሊክሎች መምጠጥ ነው። መርፌው በቀጥታ በቀጭኑ የፎሊክል ቆዳ ላይ ሳይሆን ከጎን በኩል በዕጢው ሥጋ ውስጥ አልፎ ቢገባ ፈሳሹ ወደ ውጭ አይፈናጠርም። ሲሪንጁ በኃይል ከተሳበ ኪውሙለስ ሕዋሳት ከእንቁላሉ ይገፈፋሉ፤ በዝግታ መሳብ ግድ ነው። ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ካሉ ፎሊክሎች የሚወጣ እንቁላል ዕድገቱን ስላልጨረሰ ልጓሙ ቢፈታለትም ብዙ ጊዜ ሚዮሲስን ለመፈጸም አይችልም። ይህም ራሱ የቁጥጥሩ አንዱ ገጽታ ነው፤ እያደገ ያለ እንቁላል ለኤምፒኤፍ የሚያስፈልጉትን ፕሮቲኖች ገና በበቂ መጠን አላከማቸም።

የተመጠጠው ፈሳሽ በሞቀ ቱቦ ውስጥ ለዐሥር ደቂቃ ያህል ሲቀመጥ እንቁላሎቹ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ዝቃጩ በፔትሪ ዲሽ ላይ ፈስሶ በስቴሪዮ ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ከደም ሕዋሳትና ከተቆራረጡ የፎሊክል ቅሪቶች መካከል እንቁላሎቹ ተለይተው ይታያሉ፤ መሐሉ ጠቆር ያለ ክብ፣ ዙሪያው የሚያበራ ቀለበት፣ ከቀለበቱ ውጭ ደግሞ ጥቅጥቅ ብለው የተጣበቁ ሕዋሳት ያሉበት ጉድኝት ነው። መሐሉ የሚጠቁረው የላም እንቁላል ሳይቶፕላዝም በስብ ጠብታዎች የተሞላ ስለሆነ ነው። በቤተ ሙከራ አይጥ እንቁላል ጀርሚናል ቬሲክሉ ሳይቀለም በግልጽ ሲታይ፣ በላም ግን ይህ ስብ ስለሚሸፍነው ማቅለም ግድ ይሆናል።

የሚመረጠው ቢያንስ ሦስት ድርብ የተሟሉ ኪውሙለሶች ያሉትና ሳይቶፕላዝሙ እኩል የጠቆረ እንቁላል ነው። የተገፈፈውን እንቁላል ለንጽጽር ለብቻ ማስቀመጥ ቢቻልም ከተመረጡት ጋር መደባለቅ አይገባም፤ ሚዮሲስን ቢቀጥል እንኳ ከዚያ በኋላ ፅንስ የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው። ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ሄፔስ በተባለ አሲድነትን በሚያረጋጋ ቅመም በተደገፈ ቲሲኤም 199 የተባለ የሕዋስ ማቆያ ፈሳሽ ውስጥ፣ በሞቀ ጠረጴዛ ላይ ነው። እንቁላሉ ከቀዘቀዘ ክሮሞሶሞቹን የሚሸከመው የስፒንድል ክር ይፈርሳል፣ ሲሞቅ በትክክል ላይሠራም ይችላል።

በከፍታ ቦታ ኢንኩቤተርን ማስተካከል

ብዙ መመሪያዎች 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብለው ያልፋሉ። ይህ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተሰላ ነው፤ በጎጃም ሳይታረም ሥራ ላይ መዋል የለበትም። የፈሳሹን አሲድነት የሚወስነው የጋዙ በመቶኛ ሳይሆን ጋዙ የሚፈጥረው ግፊት ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኙ የአየሩ ጠቅላላ ግፊት ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ 5 በመቶው በባሕር ዳር በባሕር ጠለል ከሚሰጠው ግፊት አራት አምስተኛ ያህሉን፣ በደብረ ማርቆስ ሦስት አራተኛ ያህሉን ብቻ ይሰጣል፤ ፈሳሹም ከሚገባው በላይ አልካላይ ይሆናል። እርማቱ በባሕር ዳር ወደ 6 በመቶ፣ በደብረ ማርቆስ ወደ 6.5 በመቶ ከፍ ማድረግ ነው። የመጨረሻው ዳኛ ግን በኢንኩቤተር ያደረ የፈሳሽ ናሙና ፒኤች ነው፤ ከ7.2 እስከ 7.4 መካከል ሊሆን ይገባዋል። በሙቀት አልባ ክፍል የቆየ ፈሳሽ ላይ የሚደረግ ልኬት ያሳስታል።

የማብሰያው ፈሳሽ ባይካርቦኔት ያለው ቲሲኤም 199 ሆኖ 10 በመቶ የጥጃ ፅንስ ሴረም፣ ኤፍኤስኤች፣ ኤልኤችና ኢስትራዳዮል የተባሉት ሆርሞኖች፣ እንዲሁም ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይጨመርበታል። ሳህኖቹ እንቁላሎቹ ከመግባታቸው ቢያንስ ሁለት ሰዓት አስቀድመው በኢንኩቤተር ውስጥ መቆየት አለባቸው። እንቁላሉ ያለ ሆርሞን ሚዮሲስን የሚቀጥል ከሆነ ኤፍኤስኤች ለምን ይጨመራል የሚል ተማሪ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል፤ ሆርሞኑ የሚያስፈልገው በዋናነት ኪውሙለሶች ሃያሉሮናን የተባለ ዝልግልግ ነገር እያመረቱ እንዲዘረጉና እንቁላሉ በሳይቶፕላዝሙም ጭምር እንዲበስል ነው።

ቁጥጥሩን የሚያሳዩት ሦስት ሳህኖች

እንቁላሎቹ በሦስት ሳህኖች ቢከፈሉ ተማሪው አያያዙን በንጽጽር ያየዋል። የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው መደበኛ ፈሳሽ ያለበት ነው። በሁለተኛው ሴረም በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ሮስኮቪቲን የተባለው የሲዲኬ አጋጅ በ25 ማይክሮሞላር መጠን ይጨመራል። በሦስተኛው ሳይክሎሄክሲማይድ በሚሊ ሊትር 10 ማይክሮግራም ይጨመራል፤ ይህ የፕሮቲን ሥራን የሚያቆም መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም። ሮስኮቪቲን የሚሟሟው በዲኤምኤስኦ ስለሆነ ለእርሱ ማነጻጸሪያ የሚሆን፣ ሴረም የሌለውና ያንኑ ያህል ዲኤምኤስኦ ብቻ የተጨመረበት ትንሽ ሳህን ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ልዩነቱ ከአጋጁ ይሁን ከማሟሟቱ መለየት አይቻልም።

የሚጠበቀው ውጤት በመጀመሪያው ሳህን ጀርሚናል ቬሲክሉ ከስድስተኛው እስከ ዐሥረኛው ሰዓት ባለው ጊዜ ሲፈርስ፣ በሁለተኛው ግን በ22ኛውም ሰዓት እንዳለ መገኘቱ ነው። እዚህ እንቁላሉ ከፎሊክሉ ወጥቷል፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒውም ወርዷል፤ ቢሆንም ሲዲኬ1 ራሱ ስለታገደ አይንቀሳቀስም። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ከሮስኮቪቲን ታጥበው ለሌላ 24 ሰዓት በመደበኛ ፈሳሽ ቢቀመጡ አብዛኞቹ እስከ ሁለተኛው ሜታፌዝ (በሁለተኛው ክፍፍል ክሮሞሶሞች መሐል ላይ እስከሚሰለፉበት ደረጃ) ይደርሳሉ፤ እንቁላሉ ታግዶ እንደነበር እንጂ እንዳልሞተ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ሦስተኛው ሳህን የሚያሳየው በእንስሳት መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የላም፣ የበግና የአሳማ እንቁላል ጀርሚናል ቬሲክሉን ለማፍረስ አዲስ ፕሮቲን መሥራት ስላለበት በሳይክሎሄክሲማይድ ይቆማል፤ የአይጥ እንቁላል ግን አስቀድሞ በቂ ሳይክሊን ቢ ስላለው ያለ አዲስ ፕሮቲንም ያፈርሰዋል። ስለዚህ በአይጥ የተገኘን ውጤት ሁሉ ሳይፈትሹ ለላም ማዋል አይገባም።

ማቅለምና ማንበብ

ከመደበኛው ሳህን በ0፣ በ8፣ በ14 እና በ22 ሰዓት ጥቂት ጥቂት እንቁላል ይወሰዳል። ኪውሙለሶቹ ሃያሉሮናንን የሚያፈርስ ሃያሉሮኒዴዝ የተባለ ኢንዛይም ባለበት ፈሳሽ ውስጥ በጠባብ ፒፔት ወጣ ገባ በማድረግ ይወገዳሉ። የተራቆቱት እንቁላሎች በስላይድ መሐል በትንሽ ጠብታ ይቀመጣሉ። በአራቱ ማዕዘኖች ቫዝሊን ከፓራፊን ሰም ጋር የተቀላቀለበት ነጠብጣብ ተደርጎ መሸፈኛው መስታወት በላዩ ይጫናል። መስታወቱን መጫን እጅን የሚፈትን ሥራ ነው፤ እንቁላሉ እስኪያዝ ብቻ መጫን እንጂ እስኪፈነዳ አይደለም፣ ይህም በማይክሮስኮፕ እያዩ በጥርስ መፋቂያ ጫፍ ማዕዘን በማዕዘን ሲሠራ ይሳካል። ስላይዱ ሦስት እጅ ኤታኖልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ ባለበት ዕቃ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያም በ45 በመቶ አሴቲክ አሲድ በተሟሟ 1 በመቶ ኦርሲን ይቀለማል።

በፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ በ0 ሰዓት የተወሰደው ግልጽ ድንበር ያለው ክብ ጀርሚናል ቬሲክል ያሳያል። በ14 ሰዓት ድንበሩ ጠፍቶ ጥንድ ክሮሞሶሞች በስፒንድሉ ወገብ ላይ ተሰልፈው ይገኛሉ፤ ላም 60 ክሮሞሶም ስላላት ጥንዶቹ 30 ናቸው፣ በጥሩ ስላይድ ላይም መቁጠር ይቻላል። በ22 ሰዓት አንዱ ስብስብ በእንቁላሉ ጠርዝ ላይ ተሰልፎ፣ ሌላው ተጨምቆ ከእርሱ አጠገብ ፖላር ቦዲ በምትባለው፣ በክፍፍሉ ከእንቁላሉ ተለይታ በምትወጣው ትንሽ ሕዋስ ውስጥ ይታያል። ይህ ሁለተኛው ሜታፌዝ ነው። የኪውሙለስ መዘርጋት ብቻውን ለብስለት ማስረጃ ሆኖ መመዝገብ የለበትም፤ ሕዋሳቱ በደንብ ተዘርግተው ክሮሞሶሞቹ ግን በመጀመሪያው ሜታፌዝ ላይ ቆመው ሊገኙ ይችላሉ።

ሁለተኛው መቆምና የማዳቀያው ሰዓት

በሁለተኛው ሜታፌዝ የሚያቆመው ከመጀመሪያው ፍጹም የተለየ ነው። በመጀመሪያው ኤምፒኤፍ ታስሮ ነበር፤ አሁን ደግሞ ከፍ እንዳለ እንዳይወርድ ተደርጎ ተይዟል። ሳይክሊን ቢን ለመፍረስ የሚያዘጋጀው ኤፒሲ የተባለው ጥምረት በኤሚ2 ፕሮቲን ታግዷል፣ ሞስ የተባለው ኢንዛይምም የሚያስጀምረው መንገድ ይህን እገዳ ያጸናል። የወንዴው ዘር ሲገባ ፒኤልሲ ዜታ የተባለ ፕሮቲን ይዞ ይገባል፤ በእንቁላሉ ውስጥ ካልሲየም በሞገድ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ኤሚ2 ይወገዳል፣ ሳይክሊን ቢ ይፈርሳል፣ ሁለተኛው ፖላር ቦዲ ይወጣል። ይህ ግን የአብዛኞቹ አጥቢዎች ልማድ እንጂ የእንስሳት ሁሉ አይደለም፤ የውሻ እንቁላል ገና በጀርሚናል ቬሲክል ደረጃ ሳለ ከዕጢው ይወጣል፣ የባሕር ጃርት እንቁላል ደግሞ ዘር ሳይደርሰው ሚዮሲስን ጨርሶ ይጠብቃል።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ በሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አካባቢም ሆነ በየወረዳው የሚሠሩ የማዳቀል ቴክኒሽያኖች ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየችን ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችውን ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ማዳቀል እንዳለባቸው ይማራሉ። ሕጉ የቆመው በዚህ ሰዓት ላይ ነው። ላሟ እንቁላሏን የምትጥለው የኮርማ ፍለጋው ካበቃ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ እንቁላሉ በዚያን ጊዜ ሁለተኛው ሜታፌዝ ላይ ደርሷል። በዚያ ደረጃ በጤና የሚቆየው ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ከዚያ ኤምፒኤፉ ራሱ እየወረደ ክሮሞሶሞቹ ይበተናሉ። ዘሩም ለመፅነስ ብቁ ለመሆን በላሟ ውስጥ ሰዓታት ስለሚያስፈልጉት ቀድሞ ገብቶ መጠበቅ አለበት።

ውጤቱ ከተጠበቀው ሲለይ ምክንያቱን የሚያመለክተው እንቁላሎቹ የቆሙበት ደረጃ ነው። በመደበኛው ሳህን ብዙዎቹ በ22ኛው ሰዓት ጀርሚናል ቬሲክል ይዘው ከተገኙ፣ መጀመሪያ የተመጠጡት ፎሊክሎች መጠን ይፈተሽ፤ እጅግ ትንንሾቹ ተመጥጠው ይሆናል። አብዛኞቹ በመጀመሪያው ሜታፌዝ ከቆሙ የኢንኩቤተሩ ሙቀትና የፈሳሹ ፒኤች ይለካ። ክሮሞሶሞቹ በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ተበታትነው ከታዩ የፐርሙዙ የሙቀት መዝገብ ይታይ። በ0 ሰዓት የተወሰዱት ሳይቀሩ ጀርሚናል ቬሲክላቸው ፈርሶ ከተገኘ ደግሞ፣ ዕጢው ላሟ ከታረደች በኋላ ለረጅም ሰዓት የቆየ ነው፤ ያን ቀን የተሰበሰበው ሁሉ ለማቅለም ልምምድ ብቻ ይዋል።